ርካሹ ዕቃ ባቲ ሲደርስ ለምን ውድ ይሆናል?

ጥያቄ፦ የባቲ መምህር

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የማስተምረው ባቲ ከተማ ነው። ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ወረድ ብላ የምትገኝ፣ ሰኞ ሰኞ በሚቆመው ሰፊ ገበያዋ የምትታወቅ ከተማ ናት። ከአፋር በረሃ ግመሉን እየነዳ የሚመጣውና ከደጋ እህሉን ጭኖ የሚወርደው ሰው በሚገናኙበት በዚህ ገበያ ውስጥ ዛሬ ሸራ ላይ ተዘርግቶ የማየው ዕቃ አብዛኛው የቻይና ነው፤ ሳፋው፣ ፔርሙሱ፣ የእጅ ባትሪው፣ የስልክ ቻርጀሩ፣ የልጆች ቦርሳው፣ ነጠላ ጫማው ሁሉ።

ከአንድ ዓመት በፊት ከባለቤቴ ጋር ተማክረን ለቤታችን የምንገዛውን ዕቃ በሙሉ፣ ዋጋውንና የተገዛበትን ቀን ጭምር፣ በደብተር መመዝገብ ጀመርን። በቅርቡ ደብተሩን ገልጬ ስደምር ያገኘሁት ነገር አሳሰበኝ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት የሚሞላ የእጅ ባትሪ፣ ሁለት የመብራት ማከፋፈያ፣ ለአንድ ልጅ ሁለት የትምህርት ቤት ቦርሳ ገዝተናል። እያንዳንዱን ባትሪ የገዛሁት በ350 ብር ሲሆን ጠቅላላው 1,050 ብር መጣ። ደሴ ላይ 700 ብር ሲሉኝ ውድ ነው ብዬ ትቼው የመጣሁትን ሌላ ባትሪ ግን የባለቤቴ ወንድም በዚያው ሰሞን ገዝቶት እስከ ዛሬ ይሠራበታል። እሱም የተሠራው ቻይና ነው።

ገንዘቡ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ ነበር። የመጀመሪያው ባትሪ የጠፋብን በተገዛ በሰባተኛው ሳምንት፣ ልጃችን ሌሊት ታማ ይዘናት ወደ ጤና ጣቢያ ስንወጣ መንገድ ላይ ነው። ባለቤቴ ልጅቱን አዝላ፣ እኔ ድንጋዩን በእግሬ እየዳበስኩ የሄድንበት ያ ሌሊት ከልቤ አልወጣም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ከአንድ አገር የሚመጣ ዕቃ አንዱ ዓመታት እያገለገለ ሌላው ሁለት ወር የማይሞላው ለምንድን ነው? የማይሞላውስ እንደኛ ባለ ሩቅ ከተማ ለምን ይበዛል? «ቻይና ነዋ» የሚለውን መልስ ከሁሉም ሰው ሰምቼዋለሁና፣ ከዚያ ያለፈ እውቀት ያላችሁ ብታካፍሉኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ጥገና ቤት፣ ደሴ

መምህር፣ ደሴ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ ስጠግን 14 ዓመት ሆኖኛል፤ እርስዎ የገለጹትን ዓይነት ባትሪ ያልፈታሁበት ሳምንት የለም። ውስጡ ያለችው አብዛኛውን ጊዜ 4 ቮልት የሆነች ትንሽ የሊድ አሲድ (የእርሳስና አሲድ) ባትሪ ናት። ርካሹ ዓይነት ትራንስፎርመር የለውም፤ ከግድግዳው የሚመጣውን 220 ቮልት የሚቀንሰው በአንድ ካፓሲተር ነው፤ ባትሪዋ ስትሞላ የሚያቋርጥለት ነገርም የለውም። ስለዚህ ማታ ሰክተውት ተኝተው ጠዋት ሲነቅሉት፣ ባትሪዋ ከሞላች በኋላ ለሰዓታት ስትቀቀል አድራለች ማለት ነው። ጨርሳ ባዶ ሆና ሳምንታት ከተቀመጠችም ውስጧ ሰልፌት የሚባል ጨው ይጋገርና መልሳ አትይዝም። ደሴ ላይ በ700 ብር ያዩት ሲሞላ ራሱ የሚያቋርጥ ሳይሆን አይቀርም፤ የዋጋው ልዩነት ብዙውን ጊዜ ያለው እዚያች ትንሽ ክፍል ላይ ነው። ርካሹን የያዘ ሰው ከ8 ሰዓት በላይ ሰክቶ ባያቆየው፣ ሳይጠቀምበት በሚቀመጥበት ጊዜም በየሁለት ሳምንቱ ቢሞላው ዕድሜው ይረዝማል። ተሰክቶ ሳለ ግን ሽፋኑን ማንም እንዳይከፍት አደራ እላለሁ፤ ውስጡ በቀጥታ የግድግዳው ኤሌክትሪክ አለ።

እኔን የሚያስፈራኝ ማከፋፈያው ነው። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት የቀለጠ ማከፋፈያ በፌስታል ጠቅልለው አመጡልኝ። እንጀራ ሲጋግሩ ነበር ጭስ ያዩት። መሰኪያው ሦስት እግር አለው፤ ገመዱን ስሰነጥቀው ግን ያለው ሁለት ሽቦ ብቻ ነው፤ ሦስተኛው እግር ከምንም ጋር አልተገናኘም። ሽቦውን በቢላ ፋቅ ሳደርገው መዳብ የመሰለው ቀለም ተነሥቶ ከሥሩ ነጭ አሉሚኒየም ወጣ። ውስጡ ያለው መያዣ ናስ ደግሞ በጣት የሚታጠፍ፣ እንደ ብስኩት ወረቀት የሳሳ ነበር። ጀርባው ላይ 10 አምፔር ይላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ ይህን ለ220 ሲያካፍሉት 16 አምፔር ያህል ይመጣል። እንኳን ያ ማከፋፈያ፣ በትክክል የተሠራ ባለ 10 አምፔር እንኳ ምጣድ አይሸከምም። እባካችሁ ምጣድን በማከፋፈያ አትጋግሩበት፤ ከግድግዳው በራሱ መስመር ይሰካ። ማከፋፈያ ስትገዙም በእጃችሁ መዝኑት፤ መዳብና ናስ ያለው ዕቃ ይከብዳል፣ የሚቀለው ባዶ ነው።

መልስ፦ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ

የሁለታችሁንም ጽሑፍ አንብቤ ሐሳቡን ተቀብያለሁ፤ ሆኖም የገጠሩ ሰው ምን እንዳገኘም መነገር አለበት ብዬ አምናለሁ።

እኔ ሥራ ስጀምር በቀበሌያችን ማታ የሚበራው ኩራዝ ነበር። ነጭ ጋዝ ለመግዛት ሴቶች ገበያ ድረስ በእግር ይሄዱ ነበር፤ ቤት ለቤት ስዞር የልጆች አፍንጫ ጥቀርሻ ይዞ፣ ግድግዳው ከመደቡ በላይ ጠቁሮ አየው ነበር። ኩራዝ ተገልብጦ የተቃጠለ ሕፃን በእጄ ይዣለሁ። ዛሬ በዚያው ቀበሌ አብዛኛው ቤት ጣሪያው ላይ መጽሐፍ የምታክል የፀሐይ መብራት ሰሌዳ አለች፤ ሴት ሌሊት ምጥ ሲይዛት በደማቅ ብርሃን ትታያለች፤ ስልኳም እዚያው ይሞላል። ይህ የመጣው በርካሹ የቻይና ዕቃ ነው፤ ዋጋው እጥፍ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ቤቶች አይገዙትም ነበር። መብራቱ ቢበላሽ እንኳ ወደ ኩራዝ የተመለሰ ቤት አላየሁም፤ ሌላ እስኪገዙ ጎረቤት ይዋሳሉ።

የሚያስጨንቀኝ የተበላሸው የሚጣልበት ቦታ ነው። ድሮ የባትሪ ድንጋይ ሲያልቅ ተማሪዎች ሰባብረው ጥቁሩን ዱቄት የትምህርት ቤት ሰሌዳ ያጠቁሩበት ነበር። ልጆች ያንን ልማድ ይዘው ዛሬ የሞተ ባትሪ ሁሉ በድንጋይ ይፈረክሳሉ፤ ጥገና ቤት የጠቀሱት ዓይነት ውስጡ እርሳስና አሲድ ያለው መሆኑን የነገራቸው የለም። መምህር፣ ይህን በክፍልዎ ቢያነሡልን እንዴት ጥሩ ነበር።

መልስ፦ አስመጪ፣ መርካቶ

መምህሩ የጠየቁት ጥያቄ እኔን በቀጥታ ስለሚመለከት ሳልሸፋፍን እመልሳለሁ። ዕቃ ከቻይና ማምጣት ከጀመርኩ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖኛል።

በቻይና ዠጂያንግ ክፍለ ሀገር ውስጥ ዪዉ የምትባል ከተማ አለች። የጥቃቅን ሸቀጥ ጅምላ ገበያዋ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሱቆች ያሉት ነው፤ እያንዳንዱ ሱቅ የአንድ ፋብሪካ ናሙና ማሳያ ስለሆነ፣ የፀጉር ማስያዣ ብቻ የሚሸጥ፣ ፔርሙስ ብቻ የሚሸጥ፣ የእጅ ባትሪ ብቻ የሚሸጥ ረድፍ በረድፍ ታገኛላችሁ። አንዱ ሱቅ ውስጥ ገብቼ ባትሪ ሳነሣ ሻጩ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «በስንት ዋጋ የሚወጣ ትፈልጋለህ?» ብሎ ነው። መልኩ፣ ቀለሙ፣ ካርቶኑ አንድ ዓይነት ሆኖ ውስጡ በፈለግሁት ዋጋ ይሠራልኛል። ፕላስቲኩ በግራም ይቀነሳል፤ የሽቦው ክር ይቀነሳል፤ የባትሪዋ መጠን ይቀነሳል። ያው ፋብሪካ ለሌላ አገር ሲሠራ ደኅና አድርጎ ይሠራል። ስለዚህ «ቻይና ነዋ» የሚለው መልስ ትክክል አይደለም፤ ደረጃውን የመረጥነው እኛ አስመጪዎቹ ነን።

ለምን ዝቅተኛውን እንደምንመርጥም ልናገር። ለብዙ ዓመታት የውጭ ምንዛሪ እንደ ልብ አይገኝም ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ 38 ዓይነት ዕቃዎች ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ተደረገ። ዶላር በእጁ ትንሽ የሆነ ነጋዴ በእያንዳንዱ ዶላር ብዙ ፍሬ ማምጣት ይፈልጋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እገዳው ቢነሣም የሸማቹ ገቢ በዚያው ልክ አልጨመረም፤ ቸርቻሪው «ከለመድነው ዋጋ ካለፈ አይነሣልኝም» አለኝ። እኔም ዋጋውን ጥቂት ብቻ ጨምሬ የዕቃውን ደረጃ አወረድኩ። ብዙዎቻችን ይህን አድርገናል። መምህሩ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ባትሪ የገዙበት ምክንያት በከፊል ይኸው ነው፤ የዚያን ሌሊት ታሪክ ሳነብ ኅሊናዬ ስለወቀሰኝ ነው ይህን የምጽፈው።

አሁን ወደ ባቲ ልምጣ። ከጅቡቲ የሚነሣው ኮንቴይነር በጋላፊ ገብቶ ሚሌ ይደርሳል። ሚሌ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ይወጣል፤ ሌላው ወደ አዋሽ ይወርዳል። የእኔ ዕቃ ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይራገፋል፤ መርካቶ መጋዘን ይገባል፤ ከዚያ የደሴ ጅምላ ነጋዴ ይገዛውና ደብረ ብርሃንን፣ ደብረ ሲናን አልፎ ኮምቦልቻ ይደርሳል፤ በመጨረሻም በአይሱዙ ባቲ ይወርዳል። ለባቲ የግማሽ ቀን መንገድ ከማይሆን ቦታ ላይ የነበረ ዕቃ አገር ዞሮ ይመለሳል ማለት ነው። በየማረፊያው ደላላ፣ ጫኝና አውራጅ፣ የመጋዘን ኪራይና ትርፍ ይታከልበታል።

አብዛኛው ሰው ልብ የማይለው ነገር እዚህ ላይ አለ። ለመጓጓዣ የሚከፈለው በኮንቴይነሩና በካርቶኑ ስፋት ስለሆነ ጥሩው ባትሪም መጥፎው ባትሪም የሚከፍሉት እኩል ነው። ለምሳሌ ያህል ፋብሪካ ላይ መጥፎው 100 ብር፣ ጥሩው 200 ብር ነው እንበል። እስከ ባቲ ድረስ በእያንዳንዱ ላይ 200 ብር ወጪ ቢታከልበት አንዱ 300፣ ሌላው 400 ብር ይሆናል። ቀረጡ በዋጋው ልክ ስለሚጨምር ስሌቱ እንዲህ የጠራ ባይሆንም፣ ፋብሪካ ላይ እጥፍ የነበረው ልዩነት ባቲ ሲደርስ ሲሶ ገደማ ሆኖ ይቀራል። መንገዱ በረዘመ ቁጥር ጥሩውን መግዛት ይበልጥ ያዋጣል። ታዲያ በተግባር የምናየው ግን ግልባጩ ነው፤ ለሩቅ ከተማ የሚላከው መጥፎው ነው። ምክንያቱም የአዲስ አበባ ገዢ ዕቃው ከተበላሸ ማግስቱን ይዞብኝ ይመጣል፤ ይጮኽብኛል፤ ሱቄን ያውቃል። ከባቲ ተነሥቶ እኔ ዘንድ የሚመጣ ግን የለም። የደሴው ጅምላ ነጋዴም ይህን ስለሚያውቅ «ለገጠር የሚሆን ስጠኝ» ብሎ ይጠይቀኛል። ይህ አነጋገር መርካቶ ውስጥ የተለመደ ነው፤ ስጽፈውም አፍራለሁ።

ቻይናዊ ሆኖ በጥራቱ የሚታመን ዕቃ እንደሚኖር ማሳያው ቴክኖ ስልክ ነው። ስም አለው፣ እዚሁ አገር ውስጥ ይገጣጠማል፣ በአማርኛ ይጻፍበታል፣ የራሱ መጠገኛ አለው፤ ስልኩ ቢበላሽ የሚወቀስ ሰው አለ። ስም የሌለው ካርቶን ግን ማንንም አያሳፍርም።

መልስ፦ ጡረተኛ ከደሴ

የአስመጪው ልጃችን ግልጽነት ደስ አሰኝቶኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥህ።

እኔ የምጨምረው፣ የሩቅ ዕቃ ወደ ወሎ መምጣቱ አዲስ አለመሆኑን ነው። ቡና የምንጠጣበት «ሲኒ» ስሙ ራሱ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን «የቻይና» ማለት ነው። አያቶቻችን በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ የለበሱት አቡጀዲ ከአሜሪካ የሚመጣ ነበር፤ ከጣሊያን ወረራ በፊት ባሉት ዓመታት ደግሞ የጃፓን ጨርቅ በርካሽነቱ ያንን ገበያ ወሰደበት። እናቴ ስለ አቡጀዲ ስታነሣ «ቢሳሳ ይጣፋል» ትል ነበር። ሲበጣጠስ ለሕፃን መጠቅለያ፣ ከዚያም ለመብራት ክር ይሆናል። አሁን የሚገዛው ዕቃ ግን ሲሰበር ለሌላ ነገር አይውልም፤ የፕላስቲክ ሳፋ ሲሰነጠቅ የሚጥፈው የለም። የድሮው ርካሽና የዛሬው ርካሽ ዋና ልዩነት ለእኔ ይህ ነው።

ሌላው፣ በትንሽ ከተማ ገዢውና ሠሪው አንድ ቤት የሚያድሩ ሰዎች ናቸው። ከጎማ በረባሶ የሚሠራው፣ ቆርቆሮ ቀጥቅጦ ምድጃ የሚያወጣው፣ ጥበብ የሚሸምነው ሰው የሚሸጠው ሲያጣ የሚገዛበትም ያጣል። ፋብሪካ ላይ የታተመ የጥለት ጨርቅ በሸማኔው እጅ ሥራ ዋጋ ላይ ያደረሰውን ሽሮ ሜዳ የሄደ ሁሉ ያየዋል። ቄጠማው እንኳ ፕላስቲክ ሆኖ ቡና ላይ ሲነጠፍ ሽታው ይናፍቀኛል። ይሁን እንጂ ልጇን ለበዓል ጥለት ባለው ቀሚስ ማልበስ የቻለችውን ድኻ እናት ልወቅሳት አልችልም። የመርካቶ ጫማ ሰፊዎች በ1990ዎቹ የቻይና ጫማ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ብዙዎቹ ሥራቸውን አጥተው ነበር፤ የቀሩት ግን ቅርጹን ተምረው፣ ጥራቱን አሻሽለው፣ ከገዢው ሰፊውን ድርሻ መልሰው አገኙ። ለእነሱ ያገዛቸው በዓይናቸው የሚያውቁት ገዢ ደጃቸው ላይ መኖሩ ነው።

መልስ፦ የሕግ ባለሙያ

ለመምህሩ አጭር ማስታወሻ። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት፣ የገዛው ዕቃ ጉድለት የተገኘበት ሸማች በገዛ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃውን መልሶ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሻጩን የመጠየቅ መብት አለው። ነጋዴው ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። ብዙ ሰው ሸራ ላይ ከሚሸጥ ሰው ወይም ከሱቅ በደረቴ ያለ ደረሰኝ ስለሚገዛ ይህን መብት ሊጠቀምበት አይችልም። በሰባተኛው ሳምንት የተበላሸው ባትሪዎ ከዚህ ጊዜ ውጪ ነው፤ ስለዚህ ሲገዙ ሻጩ ከዚያ የሚረዝም ዋስትና በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ቢስማሙ ይሻላል።

ምላሽ፦ የባቲ መምህር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አስመጪው ላደረሱኝ እውነተኛ መልስ በተለይ ባለውለታ ነኝ፤ በእርስዎ አልተቀየምኩም።

የጻፋችሁትን በወረቀት ገልብጬ ሰኞ ገበያ ወጣሁ። አንድ የማውቀው ባለ ሱቅ ዘንድ ገብቼ ሁለት ማከፋፈያ በግራና በቀኝ እጄ አነሣሁ፤ አንደኛው በግልጽ ይከብድ ነበር። የ200 ብር ልዩነት አላቸው። ባለ ሱቁ ከባዱን ያመጣው ሁለት ፍሬ ብቻ መሆኑን፣ እነሱም ስድስት ወር መደርደሪያ ላይ መቆማቸውን ነገረኝ። ልዩነታቸው ምን እንደሆነ እሱም አያውቅም ነበር። ጥገና ቤት እንዳስተማሩኝ አሮጌውን የእኔን ማከፋፈያ ከቦርሳዬ አውጥቼ ገመዱን በቢላ ፋቅሁለት፤ ነጩ አሉሚኒየም ሲወጣ ዝም ብሎ ቆየና ቢላውን ተቀብሎኝ ከመደርደሪያው አንዱን አውርዶ እሱም ፋቀ።

ከጎረቤቶቼ ጋር ተነጋግረን ስድስት ቤት ሆነን ማከፋፈያና ባትሪ አንድ ላይ ለማዘዝ ተስማምተናል፤ ባለ ሱቁ ከደሴ ከባዱን ዓይነት ሊያመጣልን፣ ቀን የተጻፈበት ደረሰኝም ሊሰጠን ቃል ገብቷል። ሦስት ወር ዋስትና ስንጠይቀው ግን፣ የደሴው ጅምላ ነጋዴ እሱን ካልቀየረለት ኪሳራው በእሱ ላይ እንደሚቀር ነገረን፤ እውነቱን ነው። ስለዚህ አስመጪውን አንድ ነገር ልጠይቅ፦ እርስዎ ለደሴው ነጋዴ፣ እሱም ለባቲው የሚመለስ ዕቃ ይቀበላል? ካልሆነ፣ ከባቲ ደሴ የተበላሸ ዕቃ የሚመለስበትን የአይሱዙ ሒሳብ ከሦስታችሁ ማን ቢከፍለው ይቀናል?

ለጤና ኤክስቴንሽኗ እህቴ፦ የሞቱትን ሦስት ባትሪዎች ረቡዕ ክፍል ይዣቸው ገባሁ። ከ52 ተማሪዎች 31ዱ ባትሪ በድንጋይ ሰብረው እንደሚያውቁ እጃቸውን አወጡ። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ክዳን ያለው በርሜል አስቀምጠናል፤ ሲሞላ የት እንደምንወስደው ግን ገና አላገኘንም።

መልስ፦ ጥገና ቤት፣ ደሴ

መምህር፣ የሊድ አሲዶቹን ሳይፈረከሱ ለብቻ ለይተው ይላኩልኝ፤ የመኪና ባትሪ እርሳስ ለሚሰበስቡት እዚህ አስረክባቸዋለሁ። የባትሪ ድንጋዮቹንና ከስልክ የወጡትን የሚቀበል ግን ደሴም የለም፤ እነሱን ክዳኑን ዘግታችሁ፣ ውሃ የማይገባበት ቦታ አቆዩአቸው።